ሐይቅና አምባሰል በደሴ ዙሪያ፦ የአንድ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ታሪክ

ሜትሮፖሊታን አካባቢ የሚባለው አንድ ትልቅ ከተማ፣ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞችና በመካከላቸው ያለው ገጠር በዕለት ተዕለት ኑሮ የተሳሰሩበት መሬት ነው። ስፋቱን የሚወስነው ሰው ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለሕክምናና ለትምህርት ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት ርቀት ስለሆነ፣ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ወሰን ከሱ ጋር እምብዛም አይገጥምም። አሜሪካ ይህን መሬት ለብቻው መቁጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1910 የሕዝብ ቆጠራዋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች እየሰፉ እርስ በርሳቸው መገጣጠማቸውን በመጽሐፉ አሳየ። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረትና የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት የሚሠሩበት መለኪያ ደግሞ ቢያንስ 50 ሺህ ሕዝብ ያለውን ከተማ እንደ እምብርት ይወስዳል፤ ከዚያም ሥራ ካላቸው ነዋሪዎቻቸው 15 ከመቶው ወደ እምብርቱ የሚመላለሱባቸውን አጎራባች ቦታዎች ይጨምርበታል።

በደቡብ ወሎ ለእንዲህ ያለው መሬት የሚቀርበው ደሴንና ኮምቦልቻን መሐል አድርጎ የተዘረጋው ነው። ደቡባዊ ጫፉ በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ሰሜናዊ ክንዱ በቦሩ ሜዳ በኩል አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያም በሱሉላ አድርጎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ውጫሌ ይዘልቃል። ዛሬ ሐይቅና ውጫሌ የደሴ ተከታዮች ናቸው። የመሬቱን ታሪክ ወደ ኋላ ለሚመለከት ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ደሴ ከመቆረቆሯ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ማዕከሉ የሐይቁ ዳርቻ ነበር።

የሐይቅ እስጢፋኖስን አመሠራረት ትውፊት ወደ አክሱም መንግሥት መጨረሻ፣ ወደ ንጉሥ ድልናዓድ ዘመን ይወስደዋል። ገዳሙ በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በደብረ ዳሞ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ መጥተው ሥርዓቱን ካቆሙ በኋላ ነው። በሳቸው ዘመን ሐይቅ ትምህርት ቤትና የመጻሕፍት መገልበጫ ሆነ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በአገሪቱ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቅ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። ከሐይቅ የወጡት ደቀ መዛሙርት ርቀው ሄዱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ ኂሩተ አምላክ በጣና ደሴት ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ፤ በኋላ ዘመን ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እዚሁ ተማሩ። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ከያዘ በኋላ የገዳሙ አለቃ በዓቃቤ ሰዓት ማዕረግ ከንጉሡ አጠገብ ካሉት የቤተ መንግሥት ባለሥልጣናት አንዱ ሆነ።

የከተማ ጂኦግራፊ ተመራማሪዎች የአንድን ቦታ ማዕከላዊነት የሚለኩት ምን ያህል አገር ወደ እሱ ይመጣል፣ ከሱስ ምን ይወስዳል ብለው ነው። በዚህ መለኪያ የ13ኛውና የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ካሉት ትልልቅ ማዕከሎች የሚቆጠር ነው፤ ተማሪ ከሩቅ አገር ይመጣበታል፣ መጽሐፍ፣ ሥርዓትና መምህር ወደ ሩቅ አገር ይወጣበታል። የጎደለው ከተማው ነው። ገዳሙ ያን ጊዜ በውኃ የተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ የሐይቁ መጠን ዝቅ ሲል ነው ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዞ ዛሬ የሚታየውን ምላስ የሠራው። ሴት የማይገባበት፣ ንግድ የማይካሄድበት፣ ሰው በታንኳ ብቻ የሚደርስበት ቦታ ዙሪያውን ወደ ከተማነት የሚስብበት መንገድ አልነበረውም። ማዕከልነትና ከተማነት በኢትዮጵያ ታሪክ ለረዥም ጊዜ ተለያይተው መኖራቸውን ለማሳየት ከሐይቅ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አምባሰልም በሌላ መንገድ ማዕከል ነበር። በዛሬው አምባሰል ወረዳ የሚገኘው ግሸን አምባ፣ ጎኑ ሁሉ ገደል የሆነ፣ አናቱ ግን ሰው የሚኖርበት ተራራ ነው። የነገሥታቱ ወንድ ልጆችና ወንድሞች ለዙፋን እንዳይታገሉ በዚህ አምባ ላይ ይቀመጡ ስለነበር፣ ንጉሥ ባረፈ ቁጥር የአገሪቱ ዓይን ወደ ግሸን ይዞራል፤ የሚነግሠው ከዚያ ይወርዳልና። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የክርስቶስ ግማደ መስቀል እንደተቀመጠበት የሚታመነውም እዚሁ ነው፤ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከአገሪቱ ሁሉ ይወጡበታል። ዛሬ ከዚያ በዓል በፊት ባሉት ቀናት የደሴ አልጋ ቤቶች በተሳላሚ ይሞላሉ። ሐይቅንና ግሸንን ያህል ክብር የነበራቸው ሁለት ቦታዎች በአንድ ጠባብ አገር ውስጥ መገኘታቸው ለአካባቢው አደጋም አመጣበት። የአዳሉ ኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ የደረሰው በ1524 ዓ.ም. ነው፤ ወታደሮቹ ውኃውን ለመሻገር ታንኳ ሲሠሩ ያዩ መነኮሳት የገዳሙን ሀብት አስረክበው ሕንጻውን ከቃጠሎ አተረፉ። የግሸን አምባ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ጦርነት ሲያዝ እንዲህ አልተረፈም።

ከዚያ ዘመን በኋላ የአምባሰል ገዥ የሚጠራበት የጃንጥራር ማዕረግ ከአካባቢው ሳይወጣ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆየ። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የዚህ ማዕረግ ባለቤት ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ደግሞ መቀመጫቸውን ደሴ ያደረጉት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። የአምባሰልና የደሴ ቤቶች በጋብቻ የተጋመዱት መንገድ ሁለቱን ቦታዎች ከማገናኘቱ በፊት ነው ማለት ነው። ከኢትዮጵያ አራት ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚህ አንድ አካባቢ ስሞች መጠራታቸው ራሱ ሰውና ዜማ በዚህ በኩል ምን ያህል ያልፉ እንደነበር ያመለክታል።

ያልፉ የነበሩት ነጋዴዎች ናቸው። ከሸዋ ወደ ትግራይና ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በደጋው ጫፍ በኩል ሲሄድ፣ ከአፋር ቆላ የሚመጣው ጨው ከምሥራቅ ይገናኘዋል። ደገኛው እህል፣ ቅቤና ከብት ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ግመሉን ጨው ጭኖ ይወጣል፤ ሁለቱ በሁለቱ አየር ጠባይ መካከል ይገበያያሉ። የሰኞው የባቲ ገበያ እስከ ዛሬ የዚያ ልውውጥ ትልቁ ቅሪት ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ከተሞች በደረጃ ተደርድረው ዙሪያቸውን እንዴት እንደሚያገለግሉ ሲያብራራ ቋሚ ሱቅ ያላቸውን የደቡብ ጀርመን ከተሞች ነበር የተመለከተው። በወሎ ያንኑ ሥራ የሚሠራው የሳምንት ገበያ ነበር፤ የአንዱ ቦታ ገበያ ሰኞ ቢውል የጎረቤቱ በሌላ ቀን ይቆማል፣ ነጋዴውም ጭነቱን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳምንቱን ይዞራል። ደረጃው አለ፣ ከተማው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይታያል።

ከገበያው የበለጠ ከተማ የሚመስለው የንጉሥ ሰፈር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሲዘምት ወይም አገር ሲዞር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አብሮት ይጓዝ ነበር፤ ወታደር፣ ሚስትና ልጅ፣ ጠጅ ጣይ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ አንጥረኛ፣ ካህን ታቦቱን ይዞ፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ። የሰፈሩ አሠራር ቋሚ ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሐል ይተከላል፤ የቀኝ አዝማቹ ሰው በቀኝ፣ የግራ አዝማቹ በግራ፣ የፊታውራሪው ከፊት፣ የደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። መሬቱ አዲስ ቢሆንም ሰው ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ገበያው በየት በኩል እንደሚቆም፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚተከል አስቀድሞ ያውቃል። እንጨቱ ሲያልቅና ግጦሹ ሲራቆት ሰፈሩ ይነሣል፤ ከተማውም አብሮ ይሄዳል።

ውጫሌ በዓለም ታሪክ ስሟን ያገኘችው በእንዲህ ያለ ሰፈር ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ውሉን የተፈራረሙት በአምባሰል ውጫሌ በሰፈሩበት ጊዜ ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ያስነሣው ክርክር ወደ አድዋ ጦርነት አመራ፤ የቦታው ስምም በአውሮፓ ጋዜጦችና ቤተ መዛግብት ውስጥ ገባ። ሰፈሩ ተነሥቶ ሲሄድ ግን በቦታው የቀረው መንደር ነበር። አንድ ቦታ የአገሪቱ የፖለቲካ መዲና የሆነው ለሳምንታት ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ የሚወርሰው ስም እንጂ ሕንጻም ሕዝብም አይደለም። ውጫሌ ይህን ከማንም በላይ ታሳያለች፤ የዛሬው ነዋሪዋም በአንድ በኩል የዓለም ታሪክ መጽሐፍ፣ በሌላ በኩል የወረዳ ከተማ መጠን ባለው ኑሮ መካከል ይኖራል።

ሰፈር ሳይነሣ ሲቀር ነው ከተማ የሚሆነው። አዲስ አበባ እንዲህ ተወለደች፤ ደሴም እንዲሁ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በጦሳ ተራራ ሥር የሰፈሩበት ቦታ ለራስ ሚካኤል መቀመጫ ሆነ። ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ የተጠመቁት የወሎው መሐመድ ዓሊ ናቸው፤ ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን አሠርተው ግብር አበሉበት፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ ደሴ የንጉሥ ከተማ ሆነች። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸንፈው ሲያዙ፣ በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን ከተማዋ ከጌታዋ ጋር መፍረስ ነበረባት። አልፈረሰችም። ገበያዋ፣ ነጋዴዎቿና ከአራት አቅጣጫ የሚገጥሙባት መንገዶች አቆሟት፤ በደቡብ ከሸዋ፣ በምሥራቅ ከባቲና ከቀይ ባሕር፣ በምዕራብ ከቦረናና ከደላንታ፣ በሰሜን ከአምባሰልና ከየጁ የሚመጣው ሁሉ በሷ ያልፋል። የአካባቢው ማዕከል ከሐይቁ ዳር ወደ ተራራው ሥር ዞሮ የጸናው በዚህ ጊዜ ነው።

የጣሊያን ወረራ ደሴን ደበደባት፤ መንገድም ዘረጋባት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር መምሪያቸውን ደሴ ስላደረጉ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ በአውሮፕላን ቦምብ ተመታች፤ ሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ገባች። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውንና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ሠራ። ለጦር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ያልታሰበው ውጤቱ ግን የወሎን የሰፈራ ካርታ እንደገና መጻፉ ነበር። ቀድሞ ሰው በደጋው አምባና በገዳሙ ዙሪያ ነበር የሚሰበሰበው፤ አሁን መኪና በሚቆምበት መሰብሰብ ጀመረ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን የተረከበው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጠገነው፤ አውቶቡስና የጭነት መኪና ዓመቱን ሙሉ ይመላለስበት ጀመር።

ሐይቅ ከተማ የዚህ መንገድ ልጅ ናት። ገዳሙ ከሐይቁ ዳር ሲኖር ከተማዋ በምዕራብ በኩል መንገዱን ተከትላ ረዘመች፤ ስሟን ከውኃው ትውሰድ እንጂ ፊቷ ወደ አስፋልቱ ነው። ሱሉላና ውጫሌም በዚሁ መልክ አደጉ፤ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ጎሚስታ፣ ከጀርባው ጓሮና እርሻ። በደሴ መናኸሪያ ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ!» እያለ ሚኒባሱን ሲሞላ የሚሳፈረው ሰው ማን እንደሆነ ማየት ለከተማ ጂኦግራፊ ከብዙ ሰንጠረዥ ይበልጣል፤ ደሞዙን ሐይቅ የሚቀበል ቤቱ ደሴ የሆነ መምህር፣ ሪፈራል ሆስፒታል ቀጠሮ ኖሮት የተመለሰ ታማሚ፣ ጨርቅ ከደሴ አምጥታ ገበያ የምትውል ቸርቻሪ፣ ቅዳሜን ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሊበሉ የሚወርዱ ቤተሰቦች። ይህ ምልልስ የደሴን ፒያሳና የሐይቅን ጎዳና የአንድ ኑሮ ሁለት ጫፎች ያደርጋቸዋል። ወደ ውጫሌ ሲቀጥል ምልልሱ ይሳሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ወደ መርሳና ወደ ወልዲያ መሳብ ይጀምራል። የደሴ ሜትሮፖሊታን አካባቢ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚፈለገውም በዚሁ፣ የሁለት ከተሞች ስበት በሚተካከልበት የአምባሰል መሬት ላይ ነው።

መንገዱ ኑሮ ብቻ አልነበረም የሚያጓጉዘው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ፣ እንደገናም በ1977፣ የወሎ ገበሬ ከየቀዬው ወጥቶ የተሰለፈው በዚሁ አስፋልት ዳር ነበር። በአገሪቱ ብዙ ቦታ የከተማ ዕድገት የሚነገረው በፋብሪካና በሹመት ነው፤ የወሎ የመንገድ ዳር ከተሞች ግን ከሕዝባቸው ከፊሉን ያገኙት በችግር ከተፈናቀለ ሰው ነው፤ ይህ በታሪካቸው ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ቦታ ተሰጥቶታል።

ደሴ ራሷ እያደገች ስትሄድ ተራሮቿ ጠበቧት። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ስለያዟት ሰፊ ሜዳ የሚፈልግ ነገር ሁሉ በሐረጎ በኩል ዝቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ወረደ። አውሮፕላን ማረፊያው፣ በደርግ ዘመን የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም እዚያ ናቸው። የዞኑ አስተዳደር፣ ትልቁ ሆስፒታልና የጅምላ ንግዱ ደሴ ቀሩ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ግቢዎቹን ለሁለቱ ከተሞች አካፈለ። በሌላው ዓለም አንድ ከተማ በውስጡ የሚያደራጀውን ሥራ እዚህ ሁለት ከተሞች በአንድ ቁልቁለት ላይና ታች ተካፍለው ይዘውታል። አማራ ክልልም በቅርብ ዓመታት ደሴን በሜትሮፖሊታን፣ ኮምቦልቻን በሪጂኦፖሊታን ደረጃ ለይቶ መድቧቸዋል፤ ምደባው ግን ለየከተማው አስተዳደር የተሰጠ ማዕረግ ነው፣ በመካከላቸውና በዙሪያቸው ያለውን መሬት አንድ አድርጎ አይመለከትም።

ቁጥሩም ይህን ክፍተት ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ የደሴ ከተማ አስተዳደር ከ151 ሺህ በላይ፣ ኮምቦልቻ ከ85 ሺህ በላይ ሕዝብ ተቆጥሮባቸዋል። ሆኖም ከደሴ አንድ አምስተኛው ያህል፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛው የሚጠጋው በገጠር ነዋሪነት የተመዘገበ ነበር። የከተማው ወሰን እርሻን አቅፎ ሳለ፣ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስባት ሐይቅ በተሁለደሬ ወረዳ ሥር ለብቻዋ ትቆጠራለች፤ ውጫሌም የወረዳ ዋና ከተማ በመሆኗ በቆጠራው ከተማ ትባላለች፣ ከደሴ ጋር ያላት ግንኙነት ግን በየትኛውም ዓምድ አይታይም። በቀድሞው አስተዳደር ተሁለደሬና አምባሰል በአንድ አምባሰል አውራጃ ውስጥ ነበሩ፤ ወረዳዎቹ በየራሳቸው ሲቆሙ አካባቢውን ከወረዳ በላይ፣ ከዞን በታች ሆኖ የሚያይ እርከን ጠፋ። አዲስ አበባም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟታል፤ በ2015 ዓ.ም. በዙሪያዋ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ከተሞች ተዋህደው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ አንድ የዕለት ኑሮ በሁለት መስተዳድሮች መካከል ተከፍሎ ቀረ።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ተመለሱ። የሰሜኑ ክንድ፣ ውጫሌና ሐይቅ፣ ውጊያው ቀድሞ የደረሰባቸው ነበሩ። ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በነዚህ ከተሞች አልፎ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ነበር፤ ከሐይቅና ከአምባሰልም ሰው ተከተለው። የመንገዱ መስመር የሕዝቡንም የጦሩንም አቅጣጫ ወሰነ።

ከሁሉ አስቸኳይ የሆነው የጋራ ጉዳይ ግን ውኃው ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ከተዳፋቱ የታጠበ አፈር፣ ከእርሻው የፈሰሰ ማዳበሪያና ከከተማዋ የወረደ ቆሻሻ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም፤ እዚያው ይቀራል። ተፋሰሱ ያለበት ተሁለደሬ እርሻንና መስኖን ያቅዳል፣ ሐይቅ ከተማ የቤት ቦታን ታቅዳለች፣ ደሴ የመዝናኛውን ተጠቃሚ ትልካለች፣ ገዳሙ ዳርቻውን ይጠብቃል። የሐይቁን ዙሪያ ከደሴ መንገድና ገበያ ጋር አንድ ላይ የሚያይ የጋራ ዕቅድ ካልተሠራ፣ አራቱም የየራሳቸውን ድርሻ በትክክል ቢወጡ እንኳ የውኃው ጉዳይ ከሁሉም እጅ ውጭ ሆኖ ይቀጥላል።